600 ሰው ይበቃኛል

አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ወደ አባልነት አሠራር ሲዞር ለታካሚዎቹ የሚልከው ደብዳቤ ከክሊኒክ ክሊኒክ ብዙም አይለያይም። መግቢያው ምስጋና ነው፤ ለዓመታት ስላመናችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ ይላል። ቀጥሎ ሕክምና ጥድፊያ መሆኑን፣ ሐኪሙም ታካሚውን እንደ ልቡ ማዳመጥ አለመቻሉን ያወሳል። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ ክሊኒኩ አባላትን ብቻ ያስተናግዳል፣ የዓመቱ ክፍያ ይህን ያህል ነው፣ ቦታው ውስን ስለሆነ ቀድሞ የተመዘገበ ይቀድማል። ወደ መጨረሻው ገደማ አንዲት አጭር አንቀጽ አለች። አባል መሆን የማይፈልግ ሰው የሕክምና ማኅደሩ ወደ መረጠው ሌላ ሐኪም ይላክለታል ትላለች። ደብዳቤው ከደረሳቸው ሰዎች የሚበዙትን የምትመለከተው ይህች አንቀጽ ናት።

በአሜሪካ ኮንሲየርጅ ሜዲስን የሚባለው ይኸው ነው። ታካሚው ቢታመምም ባይታመምም በዓመት ወይም በወር የተቆረጠ ገንዘብ አስቀድሞ ይከፍላል። ሐኪሙ በምላሹ የሚይዛቸውን ሰዎች ቁጥር ይቀንሳል። አባሉ በደወለበት ቀን ወይም በማግስቱ ይታያል፣ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፣ የሐኪሙን የእጅ ስልክ ቁጥር ይይዛል። ቀዶ ሕክምናው፣ የሆስፒታል አልጋው፣ የልብና የኩላሊት ስፔሻሊስቱ ግን በዚህ ክፍያ አይሸፈኑም። ለነሱ ሌላ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል።

ነገሩን ብዙ ሰው የሀብታም ቅንጦት ብሎ ያልፈዋል። ቅንጦትነቱ ባይካድም፣ ታሪኩን ወደ ኋላ የተከተለ ሰው የሚደርሰው ግን የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች ዘንድ ነው።

ሐኪሙን ከቀድሞው ወንበር ያስነሳው ምን እንደሆነ ለማወቅ የአንድ ቀን ሥራውን ማየት ይበቃል። መደበኛው የአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው። የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለእያንዳንዱ የሐኪም ሥራ ነጥብ እየሰጠ ይከፍላል፤ የግል ኢንሹራንሶችም አብዛኞቹ ተከትለውታል። ቢላ ለያዘና መሣሪያ ላስገባ ነጥቡ ይበዛል፣ ቁጭ ብሎ ላዳመጠ ያንሳል። ስለዚህ የሚያዳምጠው ሐኪም ኪራዩንና የሠራተኛ ደመወዙን ለመሸፈን ያለው መንገድ ቶሎ ቶሎ ማየት ነው፦ በቀን ከ20 በላይ ሰው፣ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ገደማ። ስኳር፣ ደም ግፊትና የጉልበት ሕመም ያለባት እናት ሦስቱንም ተናግራ ሳትጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። ማታ ደግሞ ሐኪሙ ለኢንሹራንሱ የሚላከውን መዝገብ ሲሞላ ያመሻል።

በ2003 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በቁጥር አስቀመጡት። 2,500 ታካሚ የያዘ አንድ ሐኪም በመንግሥት መመሪያ የተመከረውን የበሽታ መከላከል ሥራ ብቻ አሟልቶ ልሥራ ቢል በየሥራ ቀኑ 7.4 ሰዓት ይፈልጋል። የታመመውን ማከም ገና አልተጀመረም። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት መከላከሉን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ክትትሉን፣ ድንገተኛውን ሕመምና የጽሕፈት ሥራውን ደምሮ ለዚያው ለ2,500 ሰው በቀን 26.7 ሰዓት ያስፈልጋል አለ። ቀኑ ያለው 24 ሰዓት ነው። ከኢትዮጵያ ሄደው በአሜሪካ በውስጥ ደዌና በቤተሰብ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች ጥቂት አይደሉምና ይህ ስሌት ለነሱ ወሬ አይደለም፤ የየዕለት ኑሯቸው ነው።

ሐኪምን አስቀድሞ ከፍሎ መያዝ ግን የዚህ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በአሜሪካ ከተሞች የነበሩ የወንድማማች ማኅበራት ከእድራችን ብዙም አይርቁም። አባሉ መዋጮውን ይከፍላል፣ ሲታመም ማኅበሩ ይደርስለታል፣ ሲሞት ይቀብረዋል። እነ ፎረስተርስና ኢግልስ የመሳሰሉት ደግሞ ለአባሎቻቸው ሐኪም ይቀጥሩ ነበር። ዋጋው በአንድ አባል በዓመት 1 ወይም 2 ዶላር ነበር። ኢግልስ የተመሠረተው በ1898 በሲያትል ከተማ ነው። ከተማይቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች።

የየአካባቢው የሐኪሞች ማኅበራት ይህን አሠራር አምርረው ጠሉት። ዋጋችንን አረከሰው፣ ሐኪሙን የማኅበር ተቀጣሪ አደረገው አሉ፤ በዚህ መንገድ የሚሠራውንም ሐኪም ከአባልነት እስከ ማባረር ደረሱ። አሠራሩም ቀስ በቀስ ከሰመ።

ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኘው ታኮማ፣ ዌስተርን ክሊኒክ የተባለ የሐኪሞች ድርጅት በ1910 ከእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤቶችና ሠራተኞች ጋር ተዋዋለ። ክፍያው በሠራተኛ በወር 50 ሳንቲም ነበር። በ1933 ደግሞ ሲድኒ ጋርፊልድ የሚባል ወጣት ሐኪም በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ለሎስ አንጀለስ የሚሄደውን የውሃ መስመር ለሚቆፍሩ ሠራተኞች ትንሽ ሆስፒታል ከፈተ። ኢንሹራንሶቹ ሒሳቡን እያዘገዩበት ሊዘጋ ሲል፣ በቀን በሠራተኛ 5 ሳንቲም ቅድሚያ እንዲከፈለው ተስማማ። ለሥራ ላይ ጉዳት ላልሆነው ሕመም ሠራተኛው ከፈለገ ሌላ 5 ሳንቲም ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የጋርፊልድ ሥራ የመጣውን ታካሚ መጠበቅ ብቻ አልሆነም፤ ሰው እንዳይጎዳ ቁፋሮው ቦታ ድረስ እየሄደ የወጣ ምስማር ማስመታት ጀመረ። ክፍያው የገባው አስቀድሞ ስለሆነ ያልተጎዳ ሠራተኛ ለሐኪሙም ትርፍ ነበር። ያ የ5 ሳንቲም ስምምነት ኋላ ከኢንዱስትሪ ባለሀብቱ ከሄንሪ ካይዘር ጋር ተገናኝቶ፣ በ1945 ለሕዝብ የተከፈተውን ግዙፉን የካይዘር ፐርማነንቴ ድርጅት ወለደ።

በ1947 በሲያትል ግሩፕ ኸልዝ የተባለ የሕብረት ሥራ ማኅበር ሥራ ጀመረ። ባለቤቶቹ ታካሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የአውራጃው የሐኪሞች ማኅበር እነዚህን ሐኪሞችም አገለላቸው፤ ክርክሩ እስከ ዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1951 ፍርዱ ለሕብረት ሥራ ማኅበሩ ሆነ።

እነዚህ ሁሉ አንድ መርሕ ነበራቸው፦ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት መሰብሰብ። መንግሥትም በ1973 መርሑን በሕግ ደግፎ ኤችኤምኦ የሚባሉትን ድርጅቶች አስፋፋ። በ1990ዎቹ ግን ነገሩ ጎመዘዘ። ገንዘቡ በኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል ማለፍ ጀመረ፣ ኩባንያው ለሐኪሙ በራስ ቆጠራ ትንሽ ይወረውርለታል፣ ሐኪሙም ገቢው እንዲሞላ ራስ ማብዛት ይኖርበታል። ታካሚው ስፔሻሊስት ለማየት የሚያልፍባት በር ጠባቂም ያው ሐኪም ሆነ። ብዙ ሐኪም ሙያውን የጠላው በዚህ ዘመን ነው።

በ1996 የሲያትል ሱፐርሶኒክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሐኪም የነበረው ሃዋርድ ማሮን ከባልደረባው ከስኮት ሆል ጋር ኤምዲ ስኩዌርድ የተባለውን ክሊኒክ ከፈተ። አንድ ሐኪም ከ50 ቤተሰብ በላይ አይዝም። ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት 13,200 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 20,000 ነበር። ኢንሹራንስ አይጠየቅም፣ ተራ መጠበቅ የለም። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ሃምሳው ቤተሰብ ቢሞላ በሐኪም አንድ ሚሊዮን ዶላር ይገባል። የማይክሮሶፍት ገንዘብ በፈሰሰባት የዚያን ጊዜዋ ሲያትል 50 ቤተሰብ ማግኘት የሚከብድ አልነበረም።

የታኮማው ክሊኒክና የማሮን ክሊኒክ የሚነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው፤ ሁለቱም ሰውን በአባልነት ይይዛሉ፣ ሁለቱም ቀድመው ይቀበላሉ። የተገለበጠው ቁጥሩ ነው። የታኮማው በወር 50 ሳንቲም የሚያዋጣው ሠራተኛ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል። የሲያትሉ ሐኪም ግን ለገበያ ያቀረበው የማያያቸውን ሰዎች ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። አባሉ የከፈለው 51ኛው ቤተሰብ እንዳይገባ ነው።

የማሮን ዋጋ ለጥቂቶች ብቻ ስለሆነ እዚያው ሊቀር ይችል ነበር። ወደ መካከለኛው ኑሮ ያወረደው በ2000 በፍሎሪዳ፣ ቦካ ሬቶን የተመሠረተው ኤምዲቪአይፒ ነው። ይህ ኩባንያ ራሱ አያክምም፤ ሐኪሞችን ወደ አባልነት አሠራር ያዞራል። ከሐኪሙ ዝርዝር ውስጥ ማን ሊከፍል እንደሚችል ያጠናል፣ ደብዳቤውን ያዘጋጃል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ክፍያውን ይሰበስባል። ለአንድ ሐኪም ጣሪያው 600 ታካሚ፣ የመጀመሪያው ዋጋ በዓመት 1,500 ዶላር ነበር። ከዚህ 500ው የኩባንያው ነበር። 600 አባል የሞላለት ሐኪም ከአባልነቱ ብቻ 600,000 ዶላር ይቀረው ነበር፤ በዚያ ላይ ለየጉብኝቱ ኢንሹራንሱንና ሜዲኬርን እንደ ድሮው ማስከፈሉን ይቀጥላል። ከማሮን ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ የሕግ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሜዲኬርን የተቀበለ ሐኪም ሜዲኬር ለሚሸፍነው አገልግሎት ከታካሚው ተጨማሪ ገንዘብ መውሰድ አይፈቀድለትም። ታዲያ 1,500ው ዶላር የምን ዋጋ ነው? ኤምዲቪአይፒ መልስ ነበረው፦ በዓመት አንዴ የሚደረግ ሰፊ የጤና ምርመራ ዋጋ ነው፣ ያን ደግሞ ሜዲኬር አይሸፍንም። በጊዜው እውነት ነበር። ስልኩን ማንሳቱና አለመቸኮሉ በውሉ ላይ ዋጋ የላቸውም፤ ከምርመራው ጋር በጎን ይመጣሉ። አባሉ ግን ሲከፍል የሚያስበው ስልኩን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

በ2002 ሄንሪ ዋክስማንን ጨምሮ የተወሰኑ ዲሞክራት የምክር ቤት አባላት ይህ ነገር ሕጋዊ ነው ወይ ብለው ለጤና ሚኒስትሩ ለቶሚ ቶምፕሰን ጻፉ። የሚኒስትሩ መልስ ክፍያው ሜዲኬር ለሸፈነው እስካልሆነ ድረስ ሕግ አልተጣሰም የሚል ነበር። በመጋቢት 2004 ግን የዚያው መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር ማስጠንቀቂያ አወጣ። አንድ ሐኪም ታካሚዎቹን በዓመት 600 ዶላር እያስፈረመ ነበር። በውሉ ከዘረዘራቸው አገልግሎቶች ከሌሎች ሐኪሞች ጋር መነጋገርን የመሰሉ፣ ሜዲኬር አስቀድሞ የከፈለባቸው ነገሮች ተገኙ፤ ሐኪሙ 53,400 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ውል ሲረቀቅ ጠበቃ ሳያየው የሚፈርም ሐኪም ጥቂት ነው። ሁለተኛው መንገድ ከ1998 ጀምሮ በተፈቀደው መሠረት ከሜዲኬር ጨርሶ መውጣት ነው፤ የወጣ ሐኪም ለሁለት ዓመት ከሜዲኬር አንዲት ሳንቲም አይቀበልም።

የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበርም በ2003 የሥነ ምግባር መመሪያ አወጣ። ያ የማኅበራት ቅጥር ሐኪሞችን ሲያባርር የነበረው ሙያ አሁን ዋጋን ላስወደደው አሠራር ለዘብ አለ፤ ይህን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። መመሪያው ሁለት ጠንካራ ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ሐኪሙ የማይቀጥሉት ታካሚዎች ሌላ ሐኪም ጋ እንዲደርሱ መርዳት አለበት፤ በአካባቢው ሌላ ሐኪም ከሌለ ማከሙን የመቀጠል ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። ሁለተኛ፣ የከፈለ ሰው የተሻለ ምርመራና ሕክምና ያገኛል ብሎ ማስታወቅ አይገባውም። ባለ 1,500 ዶላሩ አባል እንግዲህ የተሻለ ሕክምና ሳይሆን ያው ሕክምና፣ ነገር ግን ጊዜ ያለው ሐኪም ነው የገዛው። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቢጠፋው አይፈረድበትም።

ለኮንግረስ የሚመረምረው የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በ2005 ባወጣው ዘገባ ጉዳዩን ቆጠረው። እስከ ጥቅምት 2004 በመላ አገሪቱ ያገኛቸው የኮንሲየርጅ ሐኪሞች 146 ብቻ ነበሩ፣ በብዛትም በምሥራቅና በምዕራብ ዳርቻ ከተሞች። ዋጋቸው በዓመት ከ60 እስከ 15,000 ዶላር ይደርስ ነበር። መልስ የሰጡት ሐኪሞች ከመዞራቸው በፊት በአማካይ 2,716 ታካሚ ነበራቸው፤ በ2004 የቀራቸው 491። ዘገባው ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ የሜዲኬር ታካሚዎች ሐኪም እንዳያጡ የሚያሰጋ ነገር አላየሁም ብሎ ደመደመ። ለአገሪቱ እውነት ነው። ለአንድ ሰፈር ግን 2,225 ሰው በአንድ ክረምት አዲስ ሐኪም ፍለጋ ወጣ ማለት ነው፤ የሚሄዱትም መንገድ ተሻግሮ ካለው፣ እሱም 2,500 ከያዘው ሐኪም ዘንድ ነው። የወጣው ሐኪም ከድካሙ ሲተርፍ ሸክሙ ወደ ባልደረባው ይዞራል። ሐኪሙን ስግብግብ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በ26 ሰዓት ቀን ውስጥ ቆይ ልለው ድፍረቱ የለኝም።

ሌላው ቅርንጫፍ የበቀለውም እዚያው ሲያትል ነው። ጋሪሰን ብሊስ ከማሮን ቀጥሎ በ1997 ከኮንሲየርጅ ፈር ቀዳጆች አንዱ የነበረ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ዋጋውን ማውረድ ፈለገ። በ2007 ኪውሊያንስ የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁም ኢንሹራንስን ጨርሶ ትቶ በወርሃዊ ክፍያ ብቻ እንዲሠራ አደረገው። ቅጽ የለም፣ ኮድ የለም፣ ሒሳብ የሚያሳድድ ሠራተኛ የለም። ከባለሀብቶቹ መካከል ጄፍ ቤዞስና ማይክል ዴል ነበሩ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ግዛት ይህ ዓይነቱ ወርሃዊ ክፍያ የኢንሹራንስ ንግድ እንዳልሆነ የሚደነግግ ሕግ አወጣ፤ ያለዚያ ሐኪሙ እንደ ኢንሹራንስ ኩባንያ የመጠባበቂያ ገንዘብ አስይዝ ሊባል ይችል ነበር። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ፤ አሠራሩም ቀጥተኛ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ተባለ። ኪውሊያንስ ራሱ ግን በ2017 ተዘጋ።

ሐሳቡ ከሞተው ድርጅት ተርፎ ትንንሽ ክሊኒኮች ውስጥ ገባ። በካንሳስ፣ ዊቺታ በ2010 የተከፈተው አትላስ ኤምዲ ሲጀምር ለሕፃን በወር 10፣ ለወጣት ጎልማሳ 50 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ መድኃኒቱንም በጅምላ ገዝቶ በዚያው ዋጋ አካባቢ ይሰጣል። 600 ሰው በ50 ዶላር ቢሞላ በዓመት 360,000 ዶላር ነው። ከዚህ ኪራይ፣ አንዲት ነርስና የሐኪሙ ደመወዝ ይወጣል፤ ይሆናል። ችግሩ 600ው እስኪሞላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 100 ሰው ያለው ሐኪም የዓመት ገቢው 60,000 ነው፣ ከኪራዩ በፊት። ስለዚህ ብዙዎቹ ጀማሪዎች ማታና ቅዳሜ በድንገተኛ ክፍል እየሠሩ ክሊኒኩን ይደጉማሉ። የእጅ ስልኩም ለእረፍት ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል፤ ብልሆቹ በከተማው ካለ መሰል ሐኪም ጋር ተረኝነት ይቀያየራሉ።

በላይኛው ጫፍ ደግሞ ትልልቅ ገንዘብ ገባ። ሳሙናና ዳይፐር የሚያመርተው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኤምዲቪአይፒን በ2009 ጠቅልሎ ገዛው፣ በ2014 ለኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጠው። በ2016 የቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል በዓመት 6,000 ዶላር የሚከፈልበት ክሊኒክ ሲከፍት፣ ትርፉ ለሌሎች የሆስፒታሉ አገልግሎቶች ይውላል አለ። አማዞን በ2023 ዋን ሜዲካልን በ3.9 ቢሊዮን ዶላር ሲጠቀልል የገዛው ደግሞ የአባልነት ክፍያ እየተቀበለ የታካሚውን ቁጥር የማይገድብ ድርጅት ነው። ለሐኪሙ ይህ ወደ ተነሳበት መመለስ ነው፤ ራስ ያው ይበዛል፣ የአባልነት ክፍያ ብቻ ተጨምሮበታል።

በሐምሌ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ግብር ሕግ ሁለቱን ቅርንጫፎች ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሰው ከግብር ነፃ ከሆነው የጤና ቁጠባ ሒሳቡ የሐኪሙን ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ይችላል፤ ጣሪያው ለአንድ ሰው 150፣ ለቤተሰብ 300 ዶላር ነው። የኤምዲቪአይፒ የመጀመሪያ ዋጋ፣ 1,500 ዶላር፣ በወር ሲካፈል 125 ስለሆነ ከጣሪያው በታች ይመስላል። ሕጉ ግን ሐኪሙ ለሕክምናው የሚቀበለው ያንን ቋሚ ክፍያ ብቻ መሆን አለበት ይላል፤ በጎን ለኢንሹራንስ ሒሳብ የሚልክ ሐኪም ውጭ ነው። የዊቺታው ዓይነት ክሊኒክ በሕጉ ተጠቃሚ ሆነ፤ የቦካ ሬቶኑ ዓይነት ሐኪም ግን ከጤና ቁጠባ ሒሳቡ ከሚመጣው ክፍያና ከኢንሹራንስና ከሜዲኬር ከሚያገኘው ገቢ አንዱን ይምረጥ ተብሏል።